ላፕቶፔ ከአፕዴት በኋላ አልተኛም አለ፣ ከተኛም አልነቃ አለ። ፎርማት ሳላደርግ ምን ላድርግ?

መምህርቷ፣ ፍኖተ ሰላም

ሰላም ለዚህ ቤት። ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ላፕቶፔ ዊንዶውስ 11 ነው፣ ራሙ 8 ጂቢ። ያገለገለ ነው የገዛሁት፣ ግን እስካሁን አስቸግሮኝ አያውቅም። ሰሞኑን በስልኬ ሆትስፖት ኢንተርኔት ከፍቼለት ሳለ ሳይጠይቀኝ አፕዴት አወረደ፣ ፓኬጄንም ጥርግ አድርጎ በላው። ሪስታርት አድርጎ ሲነሳ ፀባዩ ተቀይሯል።

ክዳኑን ስዘጋው ድሮ ፀጥ ይል ነበር። አሁን ቦርሳ ውስጥ ሆኖ ፋኑ ይጮኻል፣ ትምህርት ቤት ደርሼ ሳወጣው ለእጅ አይመችም፣ በጣም ይግላል። ማታ ቻርጅ ሞልቼ ብዘጋው ጠዋት ባዶ ሆኖ አገኘዋለሁ። አንዳንዴ ደግሞ ስከፍተው የኪቦርዱ መብራት ይበራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። ማብሪያውን ተጭኜ ይዤ ካላጠፋሁት ምንም አይሰማም።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። ሃይበርኔት የሚለው ምርጫ ከማጥፊያው ዝርዝር ውስጥ ጠፋ። መብራት ሲሄድ እሱን ተጭኜ ነበር የማመልጠው፣ ባትሪዬ ደክሟል እኮ፣ ብዙ አይቆይም። አሁን ስሊፕ አድርጌ ትቼው መብራቱ ሳይመጣ ባትሪው አለቀና የሞላሁት የተማሪዎች ሮስተር ግማሹ የለም።

አንድ ጥገና ቤት ወስጄው ነበር። ልጁ ገና ሳያበራው «ፎርማት ነው የሚያስፈልገው» አለኝ። ፎርማት ሲደረግ ኦፊሱን፣ የአማርኛ መጻፊያውን፣ የፕሪንተሩን ሶፍትዌር ማን መልሶ ይጭንልኛል? ሳይነካካ የሚስተካከልበት መንገድ ካለ ንገሩኝ። ኮምፒውተር ብዙም አላውቅም፣ ቀስ ብላችሁ ጻፉልኝ።

ፈጣኑ

ፎርማት አድርጊው ትገላገያለሽ። እኔ ሁሌ እንደዛ ነው የማደርገው።

የማርቆስ ልጅ

እህቴ፣ ከላይ ያለውን አትስሚው። ፎርማት ተደርጎ ያው ዊንዶውስ ተመልሶ ይጫናል፣ ኢንተርኔት ባገኘ ቁጥር ያንኑ አፕዴት መልሶ ያወርዳል፣ ያው ችግር ተመልሶ ይመጣል። ልዩነቱ ሶፍትዌሮችሽ መጥፋታቸው ብቻ ነው። ብዙ ጥገና ቤት ፎርማት የሚቀናቸው ችግሩን ከመፈለግ ስለሚቀል ነው፣ ዋጋውም የታወቀ ነው።

የነገርሽን ሦስት የተለያየ ነገር ነው፣ አንድ አይደለም። አለመተኛቱ አንድ፣ ሲነቃ ስክሪኑ መጥቆሩ ሌላ፣ የሃይበርኔት መጥፋት ደግሞ ሌላ። ሦስቱም በአንድ አፕዴት ሊመጡ ይችላሉ ግን መፍትሔያቸው ለየብቻ ነው።

መጀመሪያ ማሽንሽ ምን ዓይነት እንቅልፍ እንደሚችል እንወቅ። ስታርት ላይ በቀኝ ክሊክ አድርጊ፣ ተርሚናል አድሚን የሚለውን ምረጪ፣ ፈቃድ ሲጠይቅሽ የስ በይው። በሚከፈተው ጥቁር መስኮት ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል «ፓወርሲኤፍጂ» ብለሽ ጻፊ፤ ፓወር የሚለው ቃል እንዳለ ይጻፍና ሲ፣ ኤፍ፣ ጂ ፊደሎቹ ይለጠፉበታል። ከዚያ አንድ ክፍት ቦታ ትተሽ ስላሽና ኤ፣ ሁለቱ ተያይዘው። ኢንተር። ስላሹ በጥያቄ ምልክቱ ቁልፍ ላይ ያለው ነው፣ ሌላኛው ጀርባውን የሰጠው አይደለም። ምን እንዳለሽ እዚህ ጻፊልን። ይሄ ትእዛዝ ምንም ነገር አይቀይርም፣ መጠየቂያ ብቻ ነው፣ አትፍሪ።

እስከዚያው ግን ስሊፕና ሃይበርኔት ምን እንደሚለያቸው ልንገርሽ፣ ሮስተርሽን ያስበላሽ ይሄ ነውና። ስሊፕ እሳት አዳፍኖ እንደ መተው ነው። የሠራሽው ሁሉ ራም ላይ ነው ያለው፣ ራም ደግሞ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥበት ምንም አይዝም፣ ስለዚህ ትንሽም ብትሆን ከባትሪው እየመጠጠ ነው የሚያድረው። ባትሪው ካለቀ ያዳፈንሽው ጠፋ ማለት ነው። ሃይበርኔት ግን ራም ላይ ያለውን በሙሉ ዲስኩ ላይ ጽፎ ማሽኑን ጨርሶ ያጠፋዋል። ባትሪውን ነቅለሽ ብታስቀምጪውም ስትከፍቺው ካቆምሽበት ይቀጥላል። ለመነሳት ከስሊፕ ትንሽ ይዘገያል፣ ያ ብቻ ነው ጉዳቱ። መብራት እንዲህ በሚመላለስበት አገር ስሊፕ ላይ መተማመን አይገባም ባይ ነኝ።

መምህርቷ፣ ፍኖተ ሰላም

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዳልከኝ አደረግሁ። ላይኛው ላይ ስታንድባይ ኤስ ዜሮ ሎው ፓወር አይድል፣ ኔትወርክ ኮኔክትድ ይላል። ከሥሩ «የሌሉ» በሚለው ዝርዝር ውስጥ ኤስ 3 አለ፣ ሃይበርኔትም አለ፣ ከሃይበርኔት ሥር «ሃይበርኔሽን አልተከፈተም» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ።

የማርቆስ ልጅ

ይኸው፣ ሁለቱ መልስ ተገኘ።

ኤስ 3 የሚባለው የድሮው ስሊፕ ነው። ፕሮሰሰሩ ይጠፋል፣ ፋኑ ይቆማል፣ ራም ብቻ ይቀራል። ኤስ ዜሮ ደግሞ ሞደርን ስታንድባይ የሚሉት አዲሱ ነው፤ ላፕቶፑ እንደ ስልክ ስክሪኑን ብቻ አጥፍቶ ውስጥ ውስጡን ነቅቶ ይቆያል። ኢሜይል ይቀበላል፣ ዋይፋይ ይዞ ይቆያል። ሁሉም ሶፍትዌርና ድራይቨር (ዊንዶውስን ከማሽኑ ዕቃዎች ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር ነው) ሥነ ሥርዓት ካለው ችግር የለውም፣ ባትሪውንም ብዙ አይበላም። አንዱ አልተኛም ካለ ግን ማሽኑ ቦርሳ ውስጥ ሆኖ ሥራ ላይ ነው፣ ለዚያ ነው የሚግለው። ያንቺ ማሽን ኤስ 3 የለውም፣ ስለዚህ የድሮውን ስሊፕ ፍለጋ ጊዜሽን አትግደይ። ዩቲዩብ ላይ ሬጅስትሪ (የዊንዶውስ የውስጥ ቅንብር መዝገብ) ገብታችሁ ይህን ለውጡ የሚሉ አሉ፣ እሱን ተይው፣ ፋብሪካው ካልሠራለት አይነቃም።

ሃይበርኔቱ ግን ተዘግቶ ነው እንጂ አልጠፋም። ያንኑ ተርሚናል አድሚን ክፈቺና ፓወርሲኤፍጂ፣ ክፍት ቦታ፣ ስላሽ ኤች፣ ክፍት ቦታ፣ ኦን ብለሽ ኢንተር በይ። ምንም ሳይናገር ወደ ቀጣዩ መስመር ከወረደ ሠርቷል ማለት ነው። ከዚያ ኮንትሮል ፓናል፣ ፓወር ኦፕሽንስ ግቢ፣ በግራ በኩል «ፓወር በተኖቹ ምን ይሥሩ» የሚል አለ፣ እሱን ክፈቺ፣ ከላይ «አሁን የማይነኩትን ለመቀየር» የምትል ሰማያዊ ጽሑፍ አለች፣ እሷን ስትጫኚ ታች ያሉት ሳጥኖች ይከፈታሉ። ሃይበርኔት ላይ ምልክት አድርጊና ሴቭ። ማጥፊያው ዝርዝር ውስጥ ተመልሶ ይመጣል።

እዚያው ገጽ ላይ እያለሽ ክዳን ሲዘጋ የሚለውን በባትሪም በቻርጀርም ሃይበርኔት አድርጊው። ቦርሳ ውስጥ መጋሉ በዚህ ያበቃል፣ ጨርሶ የጠፋ ማሽን አይግልምና።

ዲስኩ ላይ ቦታ ይፈልጋል። ሲ ድራይቭ ውስጥ ሃይበርፊል የሚባል የተደበቀ ፋይል ይፈጥራል፣ መጠኑ ብዙውን ጊዜ ከራምሽ 40 በመቶ ነው፣ ላንቺ 3 ጂቢ ገደማ መሆኑ ነው። ሲ ድራይቭሽ በፊልም ታጭቆ ከሆነ አስለቅቂ። «የሃይበርፋይሉ ዓይነት ሃይበርኔሽን አይደግፍም» ካለሽ ደግሞ ፋይሉ ትንሹ ዓይነት ሆኖ ተቀምጧል፣ ፓወርሲኤፍጂ፣ ክፍት ቦታ፣ ስላሽ ኤች፣ ክፍት ቦታ፣ ስላሽ ታይፕ፣ ክፍት ቦታ፣ ፉል ብለሽ ወደ ሙሉው ትመልሺዋለሽ።

ጣና ዳር

የማርቆስ ልጅ ጥሩ ብሏል። እኔ ሌሊት ራሱ ስለሚነሳው ልጨምር፣ ባሕር ዳር ብዙ ሰው ይሄን ይጠይቀኛል፣ አንዳንዱም ቫይረስ ነው ብሎ ይደነግጣል።

ዊንዶውስ አውቶማቲክ ሜንቴናንስ የሚባል ነገር አለው። ሰዓቱ ካልተቀየረ በፈረንጅ 2፡00 ነው፣ በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት። በዚያ ሰዓት ኮምፒውተሩን ቀስቅሶ አፕዴት ሊያይ፣ ቫይረስ ሊፈትሽ ይፈቀድለታል። ኮንትሮል ፓናል ውስጥ ሴኩሪቲ ኤንድ ሜንቴናንስ ገብታችሁ ኮምፒውተሩን ይቀስቅስ የሚለውን ምልክት አንሱት። በተጨማሪ አድቫንስድ ፓወር ሴቲንግ ውስጥ ስሊፕ ከሚለው ሥር ዌክ ታይመርስ አለ፣ ዲሴብል አድርጉት። አንዳንድ ማሽን ላይ ያ ምርጫ አይታይም፣ ካልታየ እለፉት።

ሌላው ቀስቃሽ ዲቫይስ ነው። ማን እንደቀሰቀሰው ለማወቅ ያው ፓወርሲኤፍጂ፣ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ ስላሽና ላስትዌክ አንድ ላይ ተጣብቆ። የማውስ ወይ የኔትወርክ ካርድ ስም ካወጣ ዲቫይስ ማናጀር ገብታችሁ እሱን ሁለቴ ክሊክ፣ ፓወር ማኔጅመንት፣ ኮምፒውተሩን እንዲቀሰቅስ ፍቀድ የሚለውን አንሱ። ገመድ አልባ ማውስ ያለው ሰው ቦርሳ ውስጥ ማውሱ ሲነቃነቅ ላፕቶፑ ይነሳበታል፣ ሳያውቀው።

ኤስ ዜሮ ማሽን ላይ ባትሪውን የበላው ማን እንደሆነ በትክክል ለማየት ፓወርሲኤፍጂ፣ ክፍት ቦታ፣ ስላሽ ስሊፕስተዲ የሚል ትእዛዝም አለ። ሪፖርት በፋይል ያወጣል፣ በብራውዘር ይከፈታል፣ በስንት ሰዓት ስንት በመቶ እንደወረደና የትኛው ዕቃ እንዳላስተኛው በስም ይነግራችኋል። ከግምት ይሻላል።

መምህርቷ፣ ፍኖተ ሰላም

ሃይበርኔቱ ተመለሰ! ክዳኑን ዘግቼ ቻርጀሩን ነቅዬ ሞከርኩት፣ የጻፍኩት ሁሉ ባለበት መጣ። ተባረክ ወንድሜ። ጥቁር ስክሪኑ ግን አሁንም ይመጣል፣ በተለይ ለአጭር ጊዜ ስሊፕ ሳደርገው።

ጣና ዳር

እሱ የግራፊክስ ድራይቨር ነው በብዛት። አፕዴቱ የፋብሪካውን ድራይቨር በሌላ ተክቶት ይሆናል። ማሽኑ እኮ ነቅቷል፣ ስክሪኑን የሚያዘው ነው ያልነቃው። በሚቀጥለው ሲጠቁርብሽ ቶሎ በግድ አታጥፊው። የዊንዶውስ ቁልፍ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቢ አንድ ላይ ተጫኚ። የግራፊክስ ድራይቨሩን ብቻ እንደገና ያስነሳዋል፣ ቢፕ ይልና ስክሪኑ ብልጭ ብሎ ይመጣል። ክፍት የነበረው ሥራሽ አይጠፋም። ይሄ ከሠራልሽ ጥፋተኛው ድራይቨሩ ለመሆኑ ማረጋገጫም ነው።

ከዚያ ዲቫይስ ማናጀር፣ ዲስፕሌይ አዳፕተርስ፣ ስሙን ሁለቴ ክሊክ፣ ድራይቨር የሚለው ገጽ ላይ ሮል ባክ ድራይቨር የሚል በተን አለ። ከበራ ተጫኚው፣ ወደ ፊተኛው ይመልሰዋል። ከደበዘዘ የሚመለስበት አሮጌ የለም ማለት ነውና ከላፕቶፑ ፋብሪካ ድረ ገጽ ማውረድ አለብሽ፣ ሞዴሉ ከሥሩ ተለጥፏል። ስሙ ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር የሚል ከሆነ ግን ትክክለኛው ድራይቨር ጨርሶ የለም፣ በዚያ ሁኔታ ስሊፕ የሚለው ምርጫም ራሱ ሊጠፋ ይችላል።

እዚያው የፋብሪካው ገጽ ላይ የባዮስ አፕዴትም ታያለሽ፣ ባዮስ ማለት ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ማሽኑን የሚያስነሳው ፕሮግራም ነው። የእንቅልፍ ችግር አንዳንዴ በእሱ ይፈታል፣ እውነት ነው። ግን አደራ! ባዮስ በሚጫንበት መሃል መብራት ቢሄድና የደከመው ባትሪሽ ባይሸከመው ማሽኑ ከዚያ በኋላ ላይነሳ ይችላል። ጥሩ ባትሪ ከሌለሽ አትንኪው።

የቡሬው ጸሐፊ

እኔ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤት አለኝ። ልጆች፣ ይሄን ሁሉ እያነበብኩ ነበር። አንዱ ላፕቶፔ ባትሪው ሞቶ በቻርጀር ብቻ ነው የሚሠራው፣ ሌላው ዴስክቶፕ ነው፣ ሁለቱም ዊንዶውስ 10። ደንበኛ እስኪመጣ ስሊፕ አደርጋቸዋለሁ፣ መብራት እልም ሲል ማመልከቻው ሁሉ ዶግ አመድ ይሆናል። ጣና በለስ 460 ሜጋ ዋት ያመነጫል ይሉናል፣ እኛ በባትሪ መብራት ማመልከቻ እንፈልጋለን። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው! ለእንደኔ ዓይነቱስ ምን አላችሁ?

የማርቆስ ልጅ

ጋሼ፣ ለእርስዎ የሚሆነው ሃይብሪድ ስሊፕ ነው። ኮምፒውተሩ ሲተኛ ራሙንም ይይዛል፣ አንድ ግልባጭ ደግሞ ዲስኩ ላይ ይጽፋል። መብራት ካልሄደ ቶሎ ይነቃል፣ ከሄደም ከዲስኩ አንስቶ ካቆሙበት ያመጣልዎታል። ዴስክቶፕ ላይ ብዙ ጊዜ ክፍት ሆኖ ነው የሚመጣው፣ ላፕቶፕ ላይ ግን ባትሪ አለው ተብሎ ስለሚታሰብ ዝግ ነው። ፓወር ኦፕሽንስ፣ ቼንጅ ፕላን ሴቲንግስ፣ አድቫንስድ ይግቡና ስሊፕ ከሚለው ሥር አላው ሃይብሪድ ስሊፕን ኦን ያድርጉት። ካላዩት ሃይበርኔት ተዘግቷል ማለት ነው፣ መጀመሪያ ለመምህርቷ በነገርኳት ትእዛዝ ይክፈቱት። አንዳንድ ሰው ቦታ ለማስለቀቅ ብሎ ስላሽ ኤች ኦፍ ያደርገዋል፣ ያኔ ሃይበርኔት ብቻ ሳይሆን ሃይብሪድ ስሊፕም ፋስት ስታርትአፕም (ዊንዶውስ ቶሎ እንዲነሳ የሚያደርገው) አብረው ይሄዳሉ። በኤስ ዜሮ ማሽን ላይ ሃይብሪድ የሚባል የለም፣ የእርስዎ አሮጌ ስለሆኑ ይኖራቸዋል ብዬ ነው።

ግን ጋሼ፣ ይሄ የሚያድነው ተኝቶ ሳለ መብራት ከሄደ ብቻ ነው። እየጻፉበት ሳለ ከሄደ ምንም አይረዳም፣ ለሱ ዩፒኤስ ነው፣ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚይዘው ዕቃ። ዊንዶውስ 10 ደግሞ ነፃ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ለተጨማሪው ፕሮግራም ካልተመዘገቡ የደኅንነት አፕዴት አይመጣልዎትም። ከደንበኛ ፍላሽ ለሚቀበል ማሽን ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ደጀን ማዶ

ተማሪ ነኝ፣ ላፕቶፔ ላይ ዊንዶውስና ኡቡንቱ የሚባለው ሌላ ሲስተም አብረው አሉኝ። ከአፕዴቱ በኋላ ኡቡንቱ ላይ ዲ ድራይቭን ስከፍት ማንበብ እንጂ መጻፍ አይፈቅድም። ከዚህ ጋር ይገናኛል?

ጣና ዳር

አዎ። ፋስት ስታርትአፕ ተመልሶ በርቶብሃል። ዊንዶውስን ሻት ዳውን ስትለው ጨርሶ አይጠፋም፣ ከርነሉን፣ ማለትም የዊንዶውስን ዋና ልብ፣ ሃይበርኔት አድርጎ ነው የሚወጣው፣ ዲስኩም እንደተያዘ ይቀራል። ኡቡንቱ ፋይል እንዳይበላሽ ብሎ ነው መጻፍ የሚከለክልህ። የመምህርቷ ሃይበርኔት ሳጥን ካለበት ገጽ ላይ ፋስት ስታርትአፕን አንሳው። ዊንዶውስን ሃይበርኔት አድርገህም ኡቡንቱ አትክፈት፣ በግድ ከጻፍክበት ፋይልህን ታበላሻለህ።

ለሁላችሁም የሚሆን ነገር እዚህ ላይ አለ። ከአፕዴት በኋላ ሻት ዳውን አድርጎ ማብራትና ሪስታርት ማድረግ አንድ አይደለም። ሪስታርት ነው ሁሉንም ከባዶ የሚያስነሳው። ብዙ የእንቅልፍ ችግር በአንድ ሪስታርት ይለቃል። ሺፍትን ይዛችሁ ሻት ዳውን ብትጫኑም ጨርሶ ይጠፋል። ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ስትሄዱ እንዲህ አጥፍታችሁ ጫኑት፣ ዓባይ በረሃን በሻንጣ ውስጥ በነቃ ላፕቶፕ መውረድ ለባትሪው ጥሩ አይደለም።

ፈጣኑ

ይሄን ሁሉ ከማድረግ ግን ፎርማት አይቀልም? 😀

መምህርቷ፣ ፍኖተ ሰላም

ኧረ አንተ ልጅ! ሮል ባኩ በርቶ ነበር፣ ተጫንኩት፣ ሪስታርት አደረግሁ፣ ከዚያ ወዲህ አልጠቆረም። ያቺ የቁልፎቹ ነገርም በፊት ስሞክራት ሠርታልኛለች፣ ደብተሬ ላይ ጽፌያታለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ባትሪው ድንገት ከ10 በመቶ ወደ ዜሮ ይወርዳል፣ ሃይበርኔት ለማድረግ ጊዜ አይሰጠኝም። ደግሞስ ይሄ ድራይቨር ተመልሶ ቢመጣ?

የማርቆስ ልጅ

ባትሪ ሲደክም መቶኛው ራሱ ይዋሻል። አድቫንስድ ፓወር ሴቲንግ ውስጥ ባትሪ የሚለውን ክፈቺ፣ ክሪቲካል ባትሪ አክሽንን ሃይበርኔት አድርጊ፣ ክሪቲካል ባትሪ ሌቭልን ደግሞ ከፍ አድርጊው። ብዙ ጊዜ 5 በመቶ ላይ ነው የሚገኘው፣ ላንቺ 20 ይሁን። እዚያ ሲደርስ ራሱ ጽፎ ይጠፋልሻል።

ድራይቨሩ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፣ አዎ። ከመጣ ያንኑ ሮል ባክ ትደግሚዋለሽ። ችግሩ ከራሱ ከአፕዴቱ ከሆነ ሴቲንግስ፣ ዊንዶውስ አፕዴት፣ አፕዴት ሂስትሪ ገብተሽ አንኢንስቶል አፕዴትስ አለ፣ የመጨረሻውን ታነሺዋለሽ። ሙሉ ቨርዥን የቀየረ ትልቅ አፕዴት ከሆነ ግን ወደ ኋላ መመለሻው ሪከቨሪ ውስጥ ነው፣ እሱም 10 ቀን ብቻ ነው የሚቆየው፣ ካለፈ ይጠፋል።

የስልክሽን ሆትስፖት ደግሞ ዋይፋይ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ሚተርድ ኮኔክሽን አድርጊው። ያኔ አብዛኛውን አፕዴት ሳትፈቅጂለት አያወርድም፣ ፓኬጅሽም አይበላም። ለዘላለም ግን አትዝጊው፣ የደኅንነቱ ያስፈልግሻል፤ ትምህርት ቤት ዋይፋይ ካለ በዚያ አውርጂ። ለጊዜው ዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ ፖዝ የሚል አለ፣ እስከ 5 ሳምንት ይሰጣል። ሮስተሩን እስክታስረክቢ ድረስ በሱ አስቁሚው።